ሃምሳ ስምንት ነጥብ አራት

ሊቀመንበሩ መርዶውን ያመጣው አፉን በሰፊው ከፍቶ ነው። የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ የተጋደመ ሰው ሌላ ምርጫም የለውም።

መንጋጋው መቦርቦር ከጀመረ ወራት ተቆጥረው ነበር። ግን የመኪና ቀለም ቀቢ ነውና፣ ቀዳዳ ሲያይ በስቱኮ ደፍኖ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ፣ ላዩን ቀብቶ መሸኘት እንጂ ሐኪም ዘንድ መሄድ አይታየውም። ሕመሙ ግድግዳ ሲያስቧጥጠው ነው እጁን የሰጠው።

“ዶክተል፣” አለ፣ ማደንዘዣው ግማሽ ምላሱን ወስዶበት። “ከሰው ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው ብዬ ነው።”

“አፍህን ክፈት።”

“እሁድ የባልሽን፣ የነፍሱን ይማርን፣ ሪከርድ ልሰብር ነው። አዲስ ቱርቦ አስገብቻለሁ። ፈቃድሽን ልጠይቅ ነው የመጣሁት።”

“ለጥርስህ አልነበረም እንዴ የመጣኸው?”

“በአንድ መንገድ ሁለት ጉዳይ ነው።”

መሰርሰሪያው እጇ ውስጥ እያፏጨ ትንሽ ቆየ። ሊቀመንበሩ ዓይኑን ከመሰርሰሪያው ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ መሰርሰሪያው አመላለሰ። ፈቃድ የሚጠየቅበትን ቦታ በደንብ እንዳልመረጠ ያኔ ነው የገባው።

“ትንሽ ያምሃል፣” አለችው። ሳያምም በፊት መናገር ልማዷ ነው፤ አትዋሽም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከከተማው ዳር ሣር የበላው አሮጌ የአውሮፕላን ማረፊያ አለ። እሁድ እሁድ ጠዋት፣ ሚስቶቻቸው ተስፋ የቆረጡባቸው አሥራ አምስት ያህል ሰዎች ቀይ የመንገድ ኮን ደርድረው፣ አንድ በአንድ እየወጡ ከሰዓት ጋር ይሽቀዳደማሉ፤ የማኅበራቸው ሊቀመንበርም ይኸው ቀለም ቀቢ ነው። ሽልማት የለም። ያለው አንድ ሳንቃ ነው፤ የዕቃ ማስቀመጫው ኮንቴይነር በር ላይ የተሰቀለ። ሳንቃው ላይ የሚጻፈው አንድ ቅጽል ስምና አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ሪከርዱን የሰበረ ሰው ብሩሽ ይሰጠዋል፤ የቀድሞውን ስም በገዛ እጁ አጥፍቶ የራሱን ይጽፋል። አሁን ያለው ጽሑፍ “ጭሱ 58.4” ይላል።

ጭሱ የጥርስ ሐኪሟ ባል ነበር። አሮጌ መኪናው ስታልፍ፣ ሰውዬው የት እንደነበረ እንጂ የት እንደደረሰ ስለማይታይ ነው ስሙ የወጣለት። ሃምሳ ስምንት ነጥብ አራት ሰከንድ ባስመዘገበ በሦስተኛው ወር ልቡ ቀጥ አለ። ሦስት ዓመት ሆነው።

ሐኪሟ ሆድ ይፍጀው ብላ በሳምንቱ ሥራ ገባች። ስለ እሱ ከሰው ጋር አላወራችም፤ ሰዎች ግን አወሩላት። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ባሏ በሞተ ማግሥት ጻድቅ ሆነ። ድስት ከፍቶ ቆሞ የሚበላ፣ ካልሲውን ሳያወልቅ የሚተኛ፣ ከትራፊክ መብራት ጋር የሚሰዳደብ ሰው፣ በአንድ ጀምበር “ቁጣ የማያውቅ፣ ድምፁ የማይሰማ” ተባለ። እህቱማ ጭራሽ “ትሑት ነበር” አለች። ትሑት! ጓደኞቹ እሱን ሲያነሱ ድምፃቸውን ዝቅ፣ አንገታቸውን ደፋ ያደርጋሉ፤ ቀስ በቀስም ስሙ ራሱ “ነፍሱን ይማር” ሆኖ ቀረ። የሞተ አይወቀስም ይላሉ። እሷ ግን ያገባችው ሲወቀስ የኖረ ሰው ነው፤ ወቀሳውን ካነሱለት የሚተርፈውን ሰውዬ አታውቀውም።

ጭሱ ሆኖ የቀረው በዚያ ሳንቃ ላይ ብቻ ነበር፤ ስሙን የሚያጠፋውን ብሩሽ ለሌላ እጅ ልትተው አልፈለገችም።

ሙሌቱን ጨርሳ ወንበሩን ቀና እያደረገች፣ “ለመወዳደር ምን ያስፈልጋል?” ስትል ጠየቀች።

“ለማን?”

“ለእኔ።”

ሊቀመንበሩ ሊስቅ ሞከረ፤ የታዘዘለት ግማሽ ፊቱ ብቻ ነው። “መኪና፣ የራስ ቁር፣ ትንሽ እብደት።”

“መኪና አለኝ። የራስ ቁሩ የእሱ አለ።”

“በዚያች ፍሪጅ?”

ፍሪጅ ያላት የኤሌክትሪክ መኪናዋን ነው፤ ሶኬት ላይ ስለምትሰካ። የባሏ መኪናም ጋራዡ ውስጥ ሸራ ለብሳ አለች፤ ግን ያለ እሱ ስድብ ተነስታ አታውቅም። ከሞተ ወዲህ ሁለት መካኒኮች በጨዋ ቋንቋ ሞክረዋት አልተሳካላቸውም።

ሊቀመንበሩ የማያውቀው አንድ ነገር ነበር። ሐኪሟ ሐሙስ ሐሙስ ተራራ ላይ ወዳለ ጤና ጣቢያ ትወጣለች። መንገዱ አርባ ሦስት ኩርባ አለው፤ በእነዚያ ኩርባዎች ላይ የተከበረችው ዶክተር ምን እንደምትሠራ የሚያውቁት ፍየሎች ብቻ ናቸው። መኪናዋ ስትፈጥን አትጮህም፤ ያልጮኸ ደግሞ አይከሰስም። ጭሱም በሕይወት ሳለ አጠገቡ አስቀምጧት ሲበር አንድ ትምህርት አስተምሯታል። “ኩርባ ላይ ቀስ ብለሽ ግቢ፣ ፈጥነሽ ውጪ።” ራሱ ግን ፈጥኖ ገብቶ በጎኑ ነበር የሚወጣው።

እሁድ ጠዋት ሜዳው ላይ ስትደርስ፣ መኪናዋ ድምፅ ስለሌላት ሰው ያያት አጠገቡ ከቆመች በኋላ ነው። ከአሥራ አምስቱ አንዱ የሆነው ጎማ ነጋዴ ከድንጋጤው ሲመለስ ቀልዱን ጀመረ።

“ዶክተር፣ ሶኬቱን ነቅለሽዋል? ገመዱ መሐል ሜዳ ላይ እንዳይጎትትሽ!”

“ነቅያለሁ።”

“ነጭ ልብስና ባለ ቀለም ልብስ ለይታችሁ አምጡ፣ ማጠቢያ ማሽን መጥቷል!” አለ ለሌሎቹ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጎማዎቹን እያየ በፍቅር ዳበሳቸው። “ሁለት ቶን ትሆናለች። እንዲህ ያለችዋ ለእኔ ቢጤ ሲሳይ ናት። ጎማ አትነዳም፣ ጎማ ትበላለች።”

“ተዋት፣ አታስደንግጣት፣” አለ ሊቀመንበሩ። ጉንጩ አሁንም ትንሽ አብጧል። የእሱ መኪና ሃያ ዓመቷ ነው፤ የጭስ ማውጫ ማርሚታዋ ሕፃን ልጅ የሚገባበት ያህል ይሰፋል፤ ስትነሳ ወፎች ከሚቀጥለው ቀበሌ ይሸሻሉ።

እያንዳንዱ ሰው ሦስት ዙር አለው። ሰዓቱን የሚይዙት ጋሼ ደወል ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ደወል ደዋይ። ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ጀርባቸውን ለሜዳው ሰጥተው በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። ሰዓቱ በጫማ ማሰሪያ ታስሮ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል፤ የሚሠሩት ግን በጆሯቸው ነው። ተወዳዳሪው ሞተሩን ሦስት ጊዜ ያስጮሃል፤ በሦስተኛው ሲፈተለክ ጋሼ አውራ ጣታቸውን ይጫናሉ። መጨረሻው መስመር ላይ መሬት የተነጠፈ ወፍራም ብረት አለ፤ ጎማ ሲረግጠው “ቋ!” ይላል፤ ጋሼ እንደገና ይጫናሉ። በዚህ አሠራር አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የተከራከራቸው የለም።

ሊቀመንበሩ ቀድሞ ወጣ። ምድር ተናወጠች። ሃምሳ ዘጠኝ ነጥብ ሁለት።

ቀጥሎ እሷ። የባሏን የራስ ቁር አጥብቃ አሰረች፤ ውስጡ አሁንም የሞተር ዘይት ይሸታል። ትንሽ ጊዜ እሱን ብቻ አሸተተች። ከዚያ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረገጠች።

ይህችን መኪና እስከ ዛሬ እንዲህ ረግጣት አታውቅም። ማርሽ የለ፣ መጠበቅ የለ፣ መንደርደር የለ፤ ያልበላችው ቁርስ እንኳ ወደ ኋላ የሄደ መሰላት። ከኮን ወደ ኮን ስትታጠፍ የምትሰማው የጎማ ሲጥታና እንደ መሰርሰሪያዋ ያለ ቀጭን ፉጨት ነው፤ ፉጨቱ እንዲያውም አረጋጋት። አንድም ኮን አልነካችም። ብረቱን “ቋ!” አድርጋ አለፈች።

ጋሼ ደወል ከበርጩማቸው ዘለው ተነሱ። “ማነው ያለ ተራው የገባ?”

“እኔ ነኝ ጋሼ። ስንት ነው?”

“ምኑ ስንት ነው?”

“የእኔ ሰዓት።”

“ልጄ፣ ገና እስክትጀምሪ እየጠበቅሁሽ ነው እኮ!”

ጎማ ነጋዴው ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። እንዲያውም ጋሼ “ይህቺ ልጅ ፈራች መሰለኝ፣ እስቲ በርቺ በሏት” ሲሉ ነበር አሉ፣ እሷ ሜዳውን አጋምሳ ሳለች። ዙሩ ተቃጠለ። ደንብ ደንብ ነው።

“በሚቀጥለው ምን ይሁን?” አሉ ጋሼ ተጨንቀው። “እንደ ድመት ነው የምትነሳው። በሰው አፍ ‘ሂድ’ ተብሎ ሰዓት አልይዝም፤ ሰው ያዳላል።”

ሊቀመንበሩ አሮጌ የጎማ ቸርኬና ከባድ መፍቻ ይዞ መጣ። “ጎማዋ ሲንቀሳቀስ ይህን እመታለሁ። ጋሼ በዚህ ይጀምሩ።”

“ተወዳዳሪም ዳኛም ልትሆን ነው?” አለ ጎማ ነጋዴው።

“ሌላ የምታምነው ሰው ካለ ጥራ።”

ዙሪያውን ተመለከቱ። አልነበረም።

ሊቀመንበሩ በሁለተኛው ዙር ሃምሳ ስምንት ነጥብ ስምንት ገባ፤ ሐኪሟም የሳንቃውን ጽሑፍ አንድ ጊዜ ዞር ብላ አየችው። በእሷ ሁለተኛ ዙር ቸርኬው “ኳ!” አለ፤ ተተኮሰች። ግን ቸኩላ ነበር። ሜዳው ጫፍ ላይ ያለችው ጠባብ ኩርባ ጋ ስትደርስ ሁለቱ ቶን ትዝ አላት። መሪውን ታዞራለች፤ መኪናዋ ሰምታ እንዳልሰማች ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ሁለት ኮን ከሥሯ አስገብታ፣ እንደ ዶሮ ጫጩት እያስከተለቻቸው ብረቱን ረገጠች። ስልሳ ነጥብ አንድ፤ ለየኮኑ ሁለት ሁለት ሰከንድ ቅጣት ሲጨመር ስልሳ አራት ነጥብ አንድ። ይባስ ብሎ መሪው ፊት ያለው መስታወት ላይ ቢጫ የኤሊ ሥዕል በራች።

“ይቺ ምንድን ናት?” ጎማ ነጋዴው አንገቱን በመስኮት አስገብቶ አየ።

“ባትሪው ሲግል ጉልበት ትቀንሳለች። እስክትበርድ ነው።”

“ራሷ ኤሊ ነኝ አለች! ሰዎች፣ ፍሪጁ ትኩሳት ይዞታል! ዶክተር፣ ለዚህ የሚሆን መርፌ የለሽም?”

ቢቀልድም ክፉ ሰው አልነበረም፤ እርጥብ ጆንያ አምጥቶ መኪናዋ ላይ አለበሰ። ከወለሉ ሥር ላለ ባትሪ ጣሪያ ላይ የተጣለ ጆንያ ምን እንደሚፈይድ የጠየቀው የለም። ከኮንቴይነሩ ጥላ ሥር አቆሟት፤ ሐኪሟም ከጋሼ አጠገብ ተቀመጠች።

የሊቀመንበሩ ሦስተኛ ዙር ነበር። ሞተሩ ሦስት ጊዜ ጮኸ። ሐኪሟ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ ደንበኛ እንደሚጠብቅ ሰው ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ሊቀመንበሩ አንድም ኮን አልነካም። ስትሰማው ባሏ በጎኑ የሚወጣባትን ኩርባ እንኳ በንጽሕና ነው የወጣት። “ቋ!”

ጋሼ ሰዓቱን አፍንጫቸው ሥር አስጠግተው በግድ አነበቡ። “ሃምሳ ስምንት… ነጥብ… አምስት።”

ሊቀመንበሩ ከመኪናው አልወረደም። ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። ብዙ ቆይቶ ወረደና ሳንቃው ፊት ቆመ። “አንድ ነጥብ፣” አለ ለሳንቃው። “አንዲት ነጥብ! ግድ የለም። የቀለም ማድረቂያውን ክፍል እሸጠዋለሁ። አዲስ ሞተር አስመጣለሁ።”

“ሥራህንስ በምን ልትሠራ ነው?” አለው ጎማ ነጋዴው።

“በፀሐይ አደርቀዋለሁ!”

ሐኪሟ ትንፋሿን ለቀቀች። አለቀ። ስሙ ይቆያል። ጆንያውን አንስታ ወደ ቤቷ ልትሄድ ስትነሳ ጋሼ እጅጌዋን ያዙ።

“ልጄ፣ ይህ ሰውዬ እውነት ይሸጠዋል?”

“ይሸጠዋል፣ ጋሼ። ባለፈውም ለሞተር ብሎ የሚስቱን የልብስ ስፌት መኪና ሸጧል።”

ሽማግሌው የጫማ ማሰሪያውን በጣታቸው ጠቀለሉት፣ ፈቱት። “ያ ቁጥር ልክ አይደለም።”

“የቱ?”

“የባልሽ። አስነጥሶኝ ነው።”

ሐኪሟ ተመልሳ ተቀመጠች።

“የዚያን ቀን ነፋሱ ወደ እኔ ነበር። የመኪናው ጭስ እንዳለ መጥቶ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ሲመለስ እየሰማሁት ነው፤ ገና ብረቱ ጋ ሳይደርስ እንጥሽ! አልኩ። አውራ ጣቴም አብራኝ አስነጠሰች። ‘ቋ’ ያለው ከዚያ በኋላ ነው።”

“ምን ያህል ቆይቶ?”

“አንድ ሰከንድ። ቢበዛ አንድ ተኩል።”

“እሱ ያውቅ ነበር?”

“ያኔውኑ ነገርኩት እንጂ! መሬት ላይ ተንከባለለ በሳቅ። ‘ጋሼ በሞቴ፣ ለማንም ትንፍሽ እንዳይሉ! ሊቀመንበሩ ትንሽ ይልፋ፣ ከዚያ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ’ አለኝ።” ጋሼ ሞራ በጋረደው ዓይናቸው ፈለጓት። “በሞቴ ብሎ አስምሎኝ ሞተ። አሁን በምን አፌ ልናገር?”

የዚያን ቀን ማታ ባሏ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ብቻውን ሲስቅ ሰምታዋለች። በሩን አንኳኩታ ምን ሆንክ ብትለው፣ “አንድ ቀን እነግርሻለሁ” ብሎ እንደገና ሳቀ። ሪከርዱ አስደስቶት መስሏት ነበር። ያ አንድ ቀን ሳይመጣ ቀረ፤ እሷም የምን ሳቅ እንደነበር ሳታውቅ ሦስት ዓመት ኖረች።

አሁን አወቀች። ጻድቁ፣ ትሑቱ፣ ድምፁ የማይሰማው ሰውዬ፣ የገዛ ጓደኛውን በአንዲት ንጥሻ ሞቶም ሳይቀር ሁለት ሞተር አስገዝቶታል።

እውነቱን ብትናገር ብሩሹ የሊቀመንበሩ ነው። ዝም ብትል ሰውዬው ቀለም በፀሐይ ሊያደርቅ ነው፤ እሷም በየእሁዱ የውሸት ቁጥር ዘብ ልትሆን። መዋሸት ደግሞ አትችልበትም። ግን አንድ ዙር ቀርቷታል። ስሙ መጥፋቱ ካልቀረ በእሷ ይጥፋ።

“ጋሼ፣” አለች እየተነሳች። “አፍንጫዎን ይጥረጉ።”

ኤሊዋ ጠፍታ ነበር። ሊቀመንበሩ ዓይኑ ቀልቶ ቸርኬውን ይዞ ቆመ፤ ጎማዋ ከመንቀሳቀሱ “ኳ!” አደረገው።

በዚህኛው ዙር አልቸኮለችም። ቀጥ ያለው ላይ እንደ ፈለገች ሰደደቻት፤ ኩርባ ሲቀርብ ግን ቀድማ እግሯን አነሳች። መኪናዋ ፍሬን ሳይነካ ራሷን በራሷ ያዘች፤ ያ ሁሉ ክብደት ወደ ፊት ጎማዎቹ ጎንበስ አለ፣ መሪውም ሰው ሆነ። ጠባቧ ኩርባ ላይ እንዲያውም በጣም ቀስ ብላ ስለገባች፣ ጎማ ነጋዴው “ተኛች!” ሲል ጮኸ። መውጫው ሲታያት ረገጠች። “ች” ከአፉ ሳትወጣ ሐኪሟ ሄዳለች።

“ቋ!”

ጋሼ ሰዓቱን ከማንበባቸው በፊት ጮክ ብለው፣ “አላስነጠሰኝም!” አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ማንም አልገባውም። ከዚያ አነበቡ። “ሃምሳ ስምንት ነጥብ ሁለት።”

ጎማ ነጋዴው ሰዓቱን ተቀብሎ አየ፤ ለሌላው ሰጠ፤ ሌላውም ለሌላው። ሊቀመንበሩ ማየት አላስፈለገውም፤ ቸርኬውን የመታው እሱ ነው። መፍቻውን አስቀምጦ ወደ ኮንቴይነሩ ገባና ቆርቆሮ ቀለምና ብሩሽ ይዞ ወጣ።

“እንኪ። ደንብ ነው።”

ብሩሹን ተቀበለች። ግን ብሩሹ ሳንቃው አጠገብ ቆሞ ቀረ። ሰዎቹ ሁሉ ድምፃቸውን ዝቅ፣ አንገታቸውን ደፋ አደረጉ፤ አንዱ “ነፍሱን ይማር” አለ።

“አምጪ፣” አለ ሊቀመንበሩ ጎርነን ባለ ድምፅ። “በሐኪም ጽሕፈት ሳንቃዬን አታበላሺም።”

ሦስት ዓመት የተመኘው ነበር፤ አሁን ግን ጽሑፉ ላይ ነጭ ቀለም ሲያስኬድ የታመመ ጥርስ የሚነካ ይመስል ነበር። ሲጨርስ “ፍሪጅ 58.2” ብሎ ጻፈ፤ ስሙን ያወጣው ራሱ ስለሆነ ማንንም አልጠየቀም። ጽሕፈቱ አምሮ ነበር።

“አሁን ከሥር በትንሹ ጨምር፣” አለችው።

“ሳንቃው ላይ አንድ ስም ብቻ ነው።”

“ሪከርድ አይደለም፣ እርማት ነው። ‘ጭሱ፣ ሃምሳ ስምንት ነጥብ አራት፣ በማስነጠስ’ ብለህ ጻፍ።”

ሊቀመንበሩ ሰው ያዘዘውን ጽሑፍ መጻፍ የለመደ ነውና ጀመረ። “በማስ” ላይ ሲደርስ ብሩሹ ቆመ።

“በምን?”

“ጋሼን ጠይቅ።”

ጋሼ ሰማይ ሰማዩን እያዩ ነገሩት፤ ነፋሱን፣ ጭሱን፣ አውራ ጣታቸውን፣ “በሞቴ”ውን። ሊቀመንበሩ መጀመሪያ ነጣ፣ ከዚያ ቀላ፤ ማደንዘዣ ያልተወጋው ሰውዬ አፉ ከፈት እንዳለ ቀረ። ሁለት ሞተር፣ አንድ ቱርቦና አንድ የልብስ ስፌት መኪና በዓይኑ ፊት ሲያልፉ ይታያል። ከዚያ ወደ ሳንቃው ዞረና ብሩሹን ወደ ስሙ ቀሰረ።

“አንተ ቀጣፊ!” አለ። “አንተ ዓይን አውጣ! አንተ ጭራቅ! ሚስቴ ያባረረችኝ ጊዜ ሳሎንህ ውስጥ አስተኝተኸኝ፣ በርታ ትለኝ አልነበር! ‘በርታ፣ ትደርስበታለህ!’”

የሞተ ሰው እንዲህ ሲባል የሰማ የለም። ሊቀመንበሩ ራሱ ደንግጦ አፉን በእጁ ያዘ፤ ሁሉም ዓይናቸውን ወደ ሐኪሟ አዞሩ።

እሷ የቀለሙን ቆርቆሮ አንስታ፣ እንዲመቸው አስጠግታ ያዘችለት።

“ቀጥል፣” አለችው። “ገና መች ጀመርክ።”

ሊቀመንበሩ አየት አደረጋት። ከዚያ ቀጠለ፤ ጎማ ነጋዴውም ተቀበለው፤ ያልከፈለበትን ሁለት ጎማ አነሳበት፤ ሌላውም አልቀረም፤ እስከ ኮንቴይነሩ ጥግ ድረስ የቆሙት ሁሉ ጭሱን በቅጽል ስሙ እየጠሩ ሰደቡት። ሊቀመንበሩ ትንፋሽ አጥሮት ሲቆም፣ ሐኪሟ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

“ድስት ከፍቶ ቆሞ የሚበላ፣” አለችው በቀስታ። “እሱን ረሳኸው።”